ጀልባ የተሸከመችው መኪና

ቢጫዋን ጀልባ ያገኟት ዓሣ አጥማጆች ናቸው። ግድቡ መሀል ተገልብጣ ትንሳፈፍ ነበር። ሰውየውን ያገኙት ግን ዘግየት ብለው፣ ዳር ላይ ሸምበቆው ውስጥ ነው። እኛ ስንደርስ አውጥተው ሸራ አልብሰውታል።

ሸራውን ገልጬ አየሁት። ምንም አልተሰማኝም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ጥርስ ሊነቀል ሲል መርፌ እንደተወጋ ድድ ሆኛለሁ፤ ሲነኩኝ አውቃለሁ እንጂ አያመኝም። አለቃዬ ይህን ከችሎታ ቆጥሮት አስከሬን ያለበትን ጉዳይ ሁሉ ወደ እኔ መግፋት ከጀመረ ሰነባብቷል።

ሟች የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነው። ሚስቱ ልጃቸው ገና ሕፃን ሳለች ትታው ሄዳለች፤ ከዚያ ወዲህ የሚኖረው ከዚችው ከአንዲት ልጁ ጋር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጀልባውን ይዞ ወደ ግድቡ ይመጣል። ጀልባዋ ካያክ የሚሏት ዓይነት ናት፤ አንድ ሰው እግሩን ዘርግቶ የሚቀመጥባት፣ ቀጭንና ረጅም፣ የፕላስቲክ። መኪናው ዳርቻው ላይ ቆማለች፦ ኋላዋ ቁርጥ ያለ፣ ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና። ጀልባዋ በቁመት መኪናዋን ትበልጣለች።

"ይቺን በዚያች ላይ ጭኖ ነው የመጣው?" አለ አብሮኝ ያለው ወጣት ፖሊስ። ከቁመቱ የተነሳ ጣቢያው በሙሉ ምሰሶ እያለ ነው የሚጠራው።

"በምን ይምጣ ታዲያ? በእጁ ታቅፎ?"

"እኔ እኮ ራሴን እንኳን አልጭንባትም።"

መኪናዋ አልተቆለፈችም። ቁልፉ ውስጥ ነው። ጣሪያዋ ላይ ጀልባዋ የምታርፍባቸው ሁለት የስፖንጅ ትራሶች እንዳሉ አሉ። የኋላ መቀመጫዎቹ ታጥፈዋል፤ እዚያ ላይ ሁለት የዕቃ ማሰሪያ ቀበቶዎች ተወርውረዋል። ከቀበቶዎቹ ሥር የመምህሩ ተንሳፋፊ፣ ከመስጠም የሚያድን ሰደርያ አለ። ዳሰስኩት፤ ደረቅ ነው። ምሰሶ ጎንበስ ብሎ ገብቶ መኪናዋን አስነሳት። የባትሪዋ ምልክት ቀይ ሆኖ ብልጭ ድርግም ይላል። ሊያልቅ ምንም አልቀረውም።

"ከዚህ ተነስታ ዋናው መንገድ እንኳን አትደርስም" አለ።

የሹፌሩ ወንበር ወደ ኋላ ተገፍቶ አየሁትና ልቤ ትንሽ ነቃ አለች። መምህሩ አጭር ሰው ነበር።

"ወንበሩ እንዲህ ነበር?"

"እ... እኔ ነኝ የገፋሁት" አለ ምሰሶ። "ጉልበቴ አልገባ ቢለኝ።"

ማስረጃ ማለት እንግዲህ ይህ ነው። ሌባ ሳይነካው የኛ ሰው ይነካዋል።

---

ሐኪሙ ምርመራውን ጨርሶ ደወለልኝ። የጭንቅላቱ ኋላ ላይ የተመታ ቦታ አለ፤ ጀልባዋ ስትገለበጥ ከድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። የሞተው ግን ውኃ ገብቶት ነው። "ወደ ውኃው ሲገባ ይተነፍስ ነበር" አለኝ። "በዚህ አልጠራጠርም።"

አለቃዬ የሰማውን ሰምቶ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

"ነገሩ እኮ ግልጽ ነው። ሰደርያውን አልለበሰም። የመኪናውን ባትሪ ባዶ አድርጎ ነው የመጣው። ለመመለስ ያሰበ ሰው መመለሻውን ይይዛል። ራሱን ነው ያጠፋው።"

"ሊሆን ይችላል።"

"ሊሆን ይችላል አይደለም፣ ነው። ቤተሰቡን አነጋግርና ዝጋው።"

---

ቤታቸው በወንበርና በሰው ተሞልቷል። ወንበር የሚያመጣው፣ ውኃ የሚያቀርበው፣ እንግዳ የሚሸኘው የሟች ታናሽ ወንድም ነው፤ ጎሚስታ ነው፤ እጁ ላይ የጎማ ጥቁረት አለ፤ ታጥቦም አይለቅም። ልጅቷ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ትምህርቷን ዘንድሮ የጨረሰች ናት። ስታየኝ ተነሳችና በጓሮ በር ወደ ግቢው ወሰደችኝ።

"አጥፍቶ ነው አይደል ራሱን?" አለችኝ። ሰላምታም አልሰጠችኝ።

"ማን አለሽ?"

"ማንም አላለኝም። እኔ ስገባ ዝም ይላሉ።" ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። "ዓርብ ማታ ተጣልተናል። እናቴ ጋ ልሄድ ነው አልኩት። ስልክ እየተደዋወልን ነው፣ ናፍቃኛለች አልኩት። ከእኔ ጋር ምን አጣሽ አለኝ። ብዙ ነገር ተናገርኩ። እናቴን ያሸሻት አንተ ነህ አልኩት። ለእኔ ብለህ ሳይሆን ለጀልባህ ብለህ ነው የምትኖረው አልኩት።"

"እሱስ?"

"ቁጥሯን ማን ሰጠሽ አለ። አልናገርም አልኩ። ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ጠዋት ስነሳ የለም።"

"ቁጥሯን ማን ነው የሰጠሽ?"

"ላልናገር ቃል ገብቻለሁ። ለአባዬ ያልተናገርኩትን ለማንም አልናገርም።" እጆቿን እጅጌዋ ውስጥ ከተተቻቸው። "መኪናዋ ባዶ ሆና ተገኘች አሉ። እውነት ነው?"

"እውነት ነው።"

"አባዬ ገበያ ሲሄድ እንኳን ባትሪውን አስልቶ ነው የሚወጣው። እየሳቅኩ አቃጥለው ነበር። እሱ ባዶ መኪና ይዞ ከሄደ... መመለስ አልፈለገም ማለት ነው።" ድምጿ አልተንቀጠቀጠም፤ ደርቋል። "አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። በእኔ ምክንያት ነው ወይ? ሌላ ምንም አልጠይቅዎትም። መልሱን ሳላውቅ ግን ከዚህ ቤት ወዴትም አልሄድም። እናቴም ጋ አልሄድም። ማንም ጋ።"

አለቃዬ ቢሆን ኖሮ "አይዞሽ" ይላት ነበር። እኔ አላልኳትም። ልጅቷ የቀረውን ዕድሜዋን በአንድ ጥያቄ ላይ አንጠልጥላ እንደቆመች ግን ገባኝ። ገባኝ እንጂ አልተሰማኝም።

ስወጣ ጎሚስታው እስከ በሩ ሸኘኝ።

"ወንድምህን መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው?"

"ዓርብ ሲመሻሽ። የጀልባዋ ሆድ ተሰንጥቆ እኔ ጋ ነበረች። ፕላስቲኩን አቅልጬ ደፈንኩለት። መጥቶ በመኪናው ጭኖ ወሰዳት።" ዓይኑ ቀልቷል። "ፊቱ ልክ አልነበረም። ምነው ብዬ ብይዘው ኖሮ..."

"ቅዳሜ ጠዋት የት ነበርክ?"

"ሱቄን ዘግቼ ያገለገሉ ጎማዎች ልገዛ ሄጄ ነበር። ማዶ ሰፈር፣ ዲፖው።" እንባው ወረደ። በጠቆረው እጁ ሊጠርግ አለና ተወው፤ በክንዱ ጠረገው። "ለእኔ አባቴም ነበር። እሱ ነው ያሳደገኝ።"

አመንኩት። እስከ ዛሬም ያን እንባ ውሸት ነው አልልም።

---

የመምህሩ ስልክ ቅዳሜ ጠዋት ለአንድ ሰው ብቻ ደውሏል፤ ለአንድ ፋርማሲስት። ፋርማሲስቱ የጀልባ ጓደኛው ነው። አላነሳለትም። ጣቢያ ጠርተን ስንጠይቀው አሞኝ ተኝቼ ነበር አለ። ቤቱ ሄደን ሚስቱን ስንጠይቅ ደግሞ "ቅዳሜ ጠዋትማ ከመምህሩ ጋር ግድቡ ላይ ነው የሚውለው፤ ያን ቀንም እርጥብ ልብስ ይዞ ነው የተመለሰው" አለችን።

ምሰሶ ዓይኑ በራ። "ያዝነው ጌታዬ!"

"ቆይ እስቲ።"

ፋርማሲው ሄድን። ሰውየው እኛን ሲያይ የያዘው የሳል ሽሮፕ ከእጁ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። መድኃኒት ወደሚያስቀምጥበት ጓዳ ይዞን ገባና በሩን ዘጋ።

"ግድቡ ላይ ነበርክ?" አልኩት።

"አልነበርኩም።"

"ሚስትህ እርጥብ ልብስ አይታለች።"

"እኔ ነኝ ያረጠብኩት።" ላብ በላብ ሆነ። "ፑል ቤት ነበርኩ። እዚያው የሽንት ቤት ቧንቧ ሥር ነው የማረጥበው።"

ምሰሶ ወደ እኔ ዞረ።

"አምና ጀልባዬ ተገልብጣብኝ ነበር" አለ ፋርማሲስቱ። "ከዚያ ወዲህ ውኃ እፈራለሁ። ሚስቴ ደግሞ ስፖርት ጀመረ ብላ ለዘመድ ሁሉ ነግራለች። ምን ላድርግ? ቅዳሜ ቅዳሜ ፑል ቤት እውላለሁ። መምህሩ ያውቅ ነበር። እየሳቀ ይሸፍንልኛል። ቅዳሜ ዕለት የደወለውም እንደ ሁልጊዜው ከመውጣቱ በፊት ሊቀልድብኝ ይሆናል። ጨዋታ ላይ ነበርኩ፣ አላነሳሁለትም።" ዓይኑን መድኃኒት መደርደሪያው ላይ ተከለ። "ባነሳው ምን ይለኝ እንደነበር አላውቅም።"

ፑል ቤቱ አረጋገጠለት። ገና ጠዋት ሲከፈት ገብቶ ሲሸነፍ ነው የዋለው።

ከፋርማሲው ከመውጣታችን በፊት ግን ሰውየው አንድ ነገር ነግሮን ነበር። "ያቺ መኪና ጀልባ ስትጫንባት ባትሪ ትበላለች። ነፋሱ ይይዛታል፤ ዳገቱም አለ። ከቤት ሞልቶ ቢወጣም መንገድ ላይ ካልደገመ መመለሻ የለውም። ዳገቱ ራስ ላይ ካፌ አለ፤ ቻርጅ ማድረጊያው እዚያ ነው። አንድም ቀን ሳይቆም አልፎ አያውቅም። እንደ ቀንድ አውጣ ነው የሚነዳው፤ የጭነት መኪናዎች ከኋላው ሆነው ሲሰድቡት አብሬው ተሰድቤያለሁ።"

---

የካፌዋ ባለቤት ወፍራም፣ ፈጣን ሴት ናት። የመምህሩን ነገር ሰምታለች። ሐዘኗ ግን ከቅሬታ ጋር ተደባልቋል።

"አለፈኝ እኮ!" አለችኝ። "ሰላም እንኳን ሳይለኝ። ሁልጊዜ እዚች ጥግ ይቀመጣል፣ ሻይ ያዛል፣ መጽሐፉን ይከፍታል፤ መኪናው እስክትሞላ ድረስ ወጪና ወራጁን እናማለን። ያን ቀን ግን ንፋስ ሆኖ አለፈ። ዳገቱን እንዴት እንደወጣው! ድምፁን ሰምቼ ነው ሮጬ የወጣሁት።"

"የምን ድምፅ?"

"የንብ መንጋ የሚመስል። እምምምም... የሚል። ከሩቅ ጀምሮ ይሰማል። ምን መጣብን ብዬ ስወጣ የሱ መኪና። ያቺን ቢጫ ጀልባ አናቷ ላይ ጭናለች።"

"እሱን አየሽው?"

"ፀሐዩ መስታወቱ ላይ ነበር፣ ፊት አይለይም። ግን የሱ መኪና፣ የሱ ጀልባ፤ ማን ይሆናል ሌላ? ምን አስቀየምኩት ብዬ ቀኑን ሙሉ ከፍቶኝ ነበር። ለካ..." ጨርቋን አነሳችና ንጹሑን ጠረጴዛ ጠረገችው።

ለአለቃዬ በስልክ ነገርኩት። "ይኸውልህ!" አለ ደስ ብሎት። "ሊሞት የሚሄድ ሰው ቻርጅ ለማድረግ ይቆማል እንዴ? በል ዝጋው።"

አባባሉ ስሕተት አልነበረውም። ዳገቱን ስንወርድ ምሰሶ ይነዳል፣ እኔ መስኮቱን ከፈትኩ። ልጅቷ ጋ ሄጄ "አዎ፣ ራሱን ነው" እንዴት እንደምላት አሰብኩ። ቃላቱን ደረደርኳቸው። ቀላል ሆነው አገኘኋቸው፤ ቀላል መሆናቸው ብቻ ትንሽ አስጠላኝ።

አንድ ነገር ግን እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ቀርቷል። የኤሌክትሪክ መኪና ድምፅ የላትም። ታዲያ ያን ሁሉ ጩኸት ያመጣው ምንድን ነው?

---

መኪናዋን አስጎትተን ግቢያቸው አስገብተናት ነበር። ሰዉ ቀንሷል። ልጅቷ ብቻዋን በረንዳው ላይ ተቀምጣለች፤ ሣህን ሙሉ ምግብ ሳይነካ አጠገቧ ቀዝቅዟል።

"መልሱን ይዘው ነው የመጡት?" አለች።

"ገና ነኝ። አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ይቺ መኪና ጀልባ ስትጫን ትጮሃለች እንዴ?"

ግንባሯን ቋጠረች። "አትጮህም። አንድ ጊዜ ብቻ ጮኻ ታውቃለች። እኔ የጫንኩ ዕለት።"

"እንዴት?"

ተነሳችና ከመኪናዋ ውስጥ ቀበቶውን አወጣችው። በሮቹን ከፍታ በጣሪያው ላይ ወረወረችው፤ በውስጥ በኩል አዙራ ያዘችው። "ይቺ መኪና ዕቃ መጫኛ ብረት የላትም፤ ቀበቶው ጀልባዋን አቅፎ በበሮቹ በኩል ወደ ውስጥ ይገባል። እንዲህ ልሙጥ አድርገን ከሳብነው ነፋስ ሲመታው ይርገበገባል። መኪናዋ በሙሉ ትጮሃለች፤ ጆሮ ያደነቁራል። እኔ እንደዚያ አስሬው አባዬ ሆን ብሎ ዝም አለኝ፤ አስፋልቱ ላይ ስንወጣ እኔ ጆሮዬን ይዤ ስጮህ እሱ በሳቅ ሞተ።" ቀበቶውን አንድ ጊዜ ጠመዘዘችው። "ከዚያ ወረደና እንዲህ አደረገው። አንድ ጥምዝ ብቻ። ነፋሱ መጫወቻ አጣ አለኝ። ፊዚክሱን እዚያው መንገድ ዳር አስተማረኝ፤ መኪናው ሁሉ ጥሩምባ እየነፋብን።"

"ከዚያ በኋላስ?"

"ዓይኑን ጨፍኖም ይጠመዝዛታል። እጁ ለምዶታል። ተናድዶም ቢሆን፣ ታሞም ቢሆን።" ቀበቶውን ለቀቀችው። "ለምን ጠየቁኝ?"

"ዓርብ ማታ ስትጣሉ የት ነበራችሁ?"

"እዚሁ። እኔ እዚያ የጀልባዋ ማስቀመጫ ላይ ተቀምጬ።"

በግድግዳው ጥግ ሁለት የእንጨት እግሮች ያሉት ማስቀመጫ አለ። "ጀልባዋ ላይ?"

"ጀልባዋማ አልነበረችም። ጋሽዬ ጋ ለጥገና ነበረች።" ጋሽዬ የምትለው አጎቷን ነው።

"መኪናዋ ላይም አልነበረችም?"

"መኪናዋ እዚችው ቻርጅ ላይ ተሰክታ ነበር። ጣሪያዋ ላይ ምንም ሳይጫን። ሌሊቱን በሙሉ አልተነሳችም፤ የእኔ መስኮት እዚህ ላይ ነው፣ እንቅልፍም እስኪነጋ አልወሰደኝም።"

ዓርብ ሲመሻሽ በመኪናው ጭኖ ወሰዳት ብሎኝ ነበር ጎሚስታው።

ልጅቷ ፊቴን ታያለች። ፊቴ ላይ ምንም የሚነበብ ነገር እንደሌለ አውቃለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመኝ።

---

ጎሚስታ ቤቱ ከአውራ ጎዳናው ዳር ነው። እኔና ምሰሶ ማዶ ቆመን ስናየው ያገለገሉ ጎማዎችን ፒካፑ ላይ እየከመረ ነበር። ማሰሪያውን ወረወረና ዞሮ ያዘው። መሀል ላይ ትንሽ ተጣሞ አየው። ፈታው። እንደገና ወረወረና በመዳፉ እየደባበሰ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ልሙጥ አድርጎ ሳበው። ከዚያ መታ መታ አደረገው።

ተሻግረን ሄድን።

"ጎበዝ ነህ" አልኩት። "ትንሽ ቢጣመም ምን ይሆናል?"

"ይቆርጣላ" አለ ላቡን እየጠረገ። "የተጣመመ ማሰሪያ ላይ እምነት የለኝም። ስንት ጎማ አስፋልት ላይ ሲበተን አይቻለሁ። እኔ ያሰርኩት..." አልጨረሰውም። ምሰሶ እንዴት እንደሚያየው አየና አፉን ዘጋ።

"ዲፖው ጋ ደውለናል" አልኩት። "ቅዳሜ አልመጣም ይላሉ።"

"ሌላ ዲፖ..."

"አሸዋ የሚያመላልሱትንም ጠይቀናል። አንዱ ሹፌር ከግድቡ መታጠፊያ እስከዚህ አሳፍሬዋለሁ ብሏል። ለክፋት አላለውም፤ ጎሚስታዬን መንገድ ላይ ጥዬው ላልፍ ነው ወይ ነው ያለኝ።"

እጁ ማሰሪያው ላይ እንዳለ ቀረ። ሮጦ ያመልጣል ብዬ አልጠበቅሁም፤ አልሮጠም። ሱቁን ዘግቶ ቁልፉን ለምሰሶ ሰጠው።

---

የምርመራ ክፍላችን አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበርና የማይከፈት መስኮት አላት። ጎሚስታው ያቀረብንለትን ውኃ ጠጣና ሳንጠይቀው ጀመረ።

"ቅዳሜ ጠዋት መጣ። ጀልባዋን ሊወስድ መስሎኝ ነበር። ገና ከመኪናው ሳይወርድ አንተ ነህ አይደል አለኝ።"

"ምኑን?"

"የልጅቷን እናት ስልክ ቁጥር የሰጠኋት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ልጅቷ ሱቄ መጥታ ስታለቅስ ሆዴ አልችል አለ። እናቷ የት እንዳለች የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ልጅቷ አልነገረችውም። ራሱ ነው ያወቀው፤ ከእኔ ሌላ ማን አለ?" እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ከፈታቸው፤ ጥቁረታቸው ጥፍሩ ሥር ነው። "ልጄን ሰረቅከኝ አለ። ደረቴን ያዘኝ። እሱ እኮ በሕይወቱ እጁን አንስቶብኝ አያውቅም። ገፋሁት። ከእጁ ልላቀቅ ብዬ ነው እንጂ ልመታው አላሰብኩም። የጎማ መፍቻው ብረት ላይ ወደቀ። በጭንቅላቱ።"

"ከዚያስ?"

"ጠራሁት። ነቀነቅሁት። ትንፋሽ የለውም። ደሙም ብዙ አልነበረም፣ እንዲያው ዝም አለ።" ባዶውን ብርጭቆ ከፊቱ ገፋው። "ልጅቷን አሰብኩ። አጎቷ አባቷን ገደለ ከሚባል፣ ውኃ ወሰደው ቢባል ይሻላል አልኩ። ለእሷ ብዬ ነው ብል አታምነኝም። ለራሴም ነው። የኋላውን መቀመጫ አጥፌ አስተኛሁት። ጀልባዋን ጫንኩ። አንድ ጊዜም ዞር ብዬ ሳላየው ነዳሁ። መኪናዋ ስትጮህ እሱ የሚጮህ ይመስለኝ ነበር።"

"ቻርጅ ሳታደርግ።"

"ስለ ቻርጅ ምን አውቃለሁ? ነዳጅ ነው የማውቀው። ቀዩ ሲበራ ግድቡ ታየኝ።"

ምሰሶ አንገቱን ደፍቶ ይጽፋል።

"ጀልባዋ ላይ አስቀምጬ ገፋሁት" አለ ጎሚስታው። "ጥልቁ ጋ ስትደርስ ገለበጠችው። ያን ጊዜ... አንድ ነገር ልጠይቅ። ሐኪሙ አይቶታል አይደል? እዚያው እኔ ጋ ሲወድቅ ነው አይደል ያለቀው? አልተሰቃየም?"

የሐኪሙ ወረቀት መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ዛሬ ባልነግረው ነገ ሌላ ሰው ያነብለታል፤ ሰው በተሰበሰበበት ይሰማዋል። ባለቤቴ በሕይወት ብትኖር፣ ማታ ቤት ገብቼ ብጠይቃት ምን ትለኝ እንደነበር አላውቅም። ነገርኩት።

"ውኃ ውስጥ ሲገባ ይተነፍስ ነበር።"

አልጮኸም። መጀመሪያ ያልገባው መሰለኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ ከወንበሩ ወረደና መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ። ምሰሶ ሊያነሳው ሄደ፤ በእጄ ተው አልኩት።

መሬት ላይ እንዳለ ቀና ብሎ አየኝ።

"ስለ ምን እንደተጣላን እንዳትነግራት። የፈለግከውን ነገር በለኝ፣ ሰካራም ነበር በል፣ አውሬ ነው በል። ስለ ስልኩ ግን አይነገራት። ዕድሜ ልኳን በእኔ የተነሳ ነው ትላለች።"

---

ልጅቷን ጣቢያ አላስጠራኋትም። ቤቷ ሄድኩ። ቀትር ነበር። ግቢው ውስጥ ወንበሮቹ ተደራርበው ተቀምጠዋል፤ የሚመልሳቸው ሰው የለም።

አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"አባትሽ ራሱን አላጠፋም" አልኳት። "ወደ ግድቡም በራሱ እግር አልሄደም። ሌላ ሰው ነው የወሰደው።"

"ተመስገን!" አለች።

ጮክ ብላ ነው ያለችው። ከዚያ ያለችውን ራሷ ሰማችው። ሁለት እጆቿን አፏ ላይ ጫነችና ከጣቶቿ በላይ አየችኝ፤ ዓይኖቿ ይህን የተናገርኩት እኔ ነኝ ወይ የሚሉ ይመስላሉ።

"ምንም አይደለም" አልኳት። "ልክ ነው ያልሽው።"

"ማነው?"

ነገርኳት። ስሙን ሳልጠራ፣ እሷ በምትጠራው ጠርቼው፣ ጋሽዬ አልኳት። ብትጮህ ልይዛት ተዘጋጅቼ ነበር። አልጮኸችም። ወንበሮቹን ተራ በተራ አየቻቸው፤ እሱ የተሸከማቸውን።

"ለምን?" አለች። "ምን አጣላቸው? ጋሽዬ አባዬን? ለምን?"

መልሱን መንገድ ላይ አዘጋጅቼው ነበር። በማኅደሩ ላይም "በግል ጉዳይ" ብዬ ጽፌያለሁ፤ እስከ መቼ እንደሚቆይላት ባላውቅም። ውሸት መናገር ሥራዬ አይደለም፤ ግን ለምንም ነገር ስሜት የሌለው ሰው ውሸትም አያስቸግረውም ብዬ ነበር።

"በጀልባዋ ነው" አልኳት። "የጥገናዋ ነገር። አባትሽ ሥራውን አልወደደለትም። ከቃል ቃል ተነሳ፤ ተጓተቱ፤ ወደቀ። ጋሽሽ የሞተ መስሎት ነው ወደ ግድቡ የወሰደው።"

አንገቷን ነቀነቀች። አንዴ፣ ሁለቴ። አመነችኝ። ተገላገልኩ ብዬ ልነሳ ስል ክንዴን ያዘችኝ።

"እኔ ነኝ የሰነጠቅኳት" አለች።

"ምኗን?"

"ጀልባዋን። ከውኃ ሳወጣት ተሸከሚያት ብሎኝ ሰልችቶኝ በድንጋይ ላይ ጎተትኳት። አባዬ ሌላ ቦታ ልውሰዳት ቢል ጋሽዬ ይጠግናት፣ እሱ እያለ ያልኩትም እኔ ነኝ።" ጣቶቿ ክንዴ ላይ ጠበቁ። "እኔ ባልጎትታት ኖሮ እዚያ አይሄድም ነበር። አይደል? በእኔ ነው። ነግሬዎት ነበር እኮ፣ በእኔ ነው ብዬ።"

"አይደለም ልጄ። ጥገናዋ... ጥገናዋ ጥሩ ነበር።"

"ታዲያ በምን ተጣሉ?"

አፌን ከፈትኩ። እውነቱን ብነግራት ከዚህ የከፋ ነው። ውሸቱም ያው ያደረሳት እዚያው ነው። ሌላ ሦስተኛ ነገር ፈለግሁ፤ አልነበረኝም። "በጀልባዋ ሳይሆን በሌላም ቢሆን ይጣሉ ነበር" የሚል ነገር ተንተባተብኩ። አልሰማችኝም። ግንባሯን ክንዴ ላይ አስደግፋ ማልቀስ ጀመረች፤ አባቷ ከሞተ ጀምሮ ያላለቀሰችውን ሁሉ።

እጄን ጭንቅላቷ ላይ አኖርኩ። ያን ጊዜ አመመኝ። ደረቴ ውስጥ፣ በግልጽ፣ የማልጠራጠረው ሕመም። የባለቤቴም ነበር፣ የዚችም ልጅ ነበር፣ መሬት ላይ የተቀመጠው የዚያ ጎሚስታም ነበር፤ የትኛው የማን እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። ምሰሶ ከበሩ ውጭ መኪናውን አስነስቶ ሲጠብቀኝ ይሰማኛል። አልተነሳሁም። እስክትጨርስ አብሬያት ተቀመጥኩ።